በኦሪጅናል ካርቶን ስለ መጣው አክስል፣ ለክቡር የግዥ ኃላፊያችን

ለተንቀሳቃሽ ሕክምና ጽሕፈት ቤት የግዥና ንብረት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ እንደምን አሉ? ሁለቱ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቅርቡ በአንድ እግሩ የቀረ ወዳጅ ስላለኝ፣ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ ወደ ታች ማየት ልማድ ሆኖብኛል። እኔ፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ ደህና ነኝ። ሙሉ አካል አለኝ፣ ሙሉ ደመወዝ አለኝ፤ የጎደለኝ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱንም በክኒን እየተካሁት ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በግቢው ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ባለችው ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት መካኒክ ነኝ። ክቡርነትዎ ወደ ጋራዡ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ መጡና ያን ቀንም ጫማዎን ዘይት እንዳይነካው በር ላይ ስለ ቆሙ፣ መልኬ ቢጠፋብዎ አልቀየምም። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። በዝግ የጻፍኳቸው አራቱ ወደ ቢሮዎ ገብተው ስላልወጡ፣ አምስተኛው ብቻውን ሄዶ እንዳይጠፋ ሰው ያጅበው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤታችን ከተራራው ማዶ ላሉ አሥራ አንድ መንደሮች ያለው መኪና አንድ ነው። አራቱም ጎማዋ የሚስብ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ግን ልቧ ያልሞተ መኪና ናት። ነርሷን፣ የክትባቱን ሳጥንና የመዝገቡን ከረጢት ይዛ ሰኞ ትወጣለች፣ ሐሙስ ትመለሳለች። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኛም አንድ መኪና ስላለን ልንጫወትባት አይገባም ነበር።

ሹፌሯን ሁላችንም «ኤሊው» እንለዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ሰው ይቅርና ዶሮ አልገጨም። አህያ ቀድሞት ሲያልፍ እጁን አንሥቶ ሰላም የሚል ሰው ነው። ወጣቶቹ ሹፌሮች ሲስቁበት፣ «እናንተ ሲሚንቶ ትጭናላችሁ፤ እኔ የምጭነው እንቁላል ነው» ይላቸው ነበር። እንቁላል የሚለው እርጉዞቹንና ሕፃናቱን ነው። እንግዲህ ይህንን ስም አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ክቡርነትዎ ግን ስለሚያውቁት አልደክምብዎም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላድርገው።

፩ኛ. ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ እንዳባራ መኪናዋን አንሥቼ የኋላ ቀኝ አክስሏን ሳወጣው፣ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ዘመው አገኘኋቸው። አክስል ማለት የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን የሚያዞር፣ የሰው ክንድ የሚያህል የብረት ዘንግ ነው። በዚህች መኪና አሠራር ደግሞ ማዞር ብቻ ሳይሆን ጎማውን ይዞ የሚያቆመውም እሱ ራሱ ነው። እሱ ከተሰበረ ጎማው መኪናዋን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋን በግንድ አስደግፌ አቆምኩና አንድ ገጽ ጻፍኩልዎ።

በዚያች ገጽ ላይ ሦስት መንገድ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው ኦሪጅናሉን ከአምራቹ ወኪል ማዘዝ ነው፤ ሦስት ወር ይፈጃል። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ ሠርቶ በራሱ ስም የሚሸጠውን መግዛት ነው፤ ከተማው ውስጥ ሁለት ሱቅ አለ፣ የድንጋይ ማውጫው መኪኖች በሙሉ እሱን ገጥመው ነው የሚሠሩት፣ አንገቱም ከኦሪጅናሉ ይወፍራል፣ ለክፉ መንገድ ታስቦ የተሠራ ነውና። ሦስተኛው ደግሞ ግቢያችን ባለው ዛፍ ሥር ስድስት ዓመት ቆማ ወፍ ከነጎጆው የወረሳትን የመኪናችንን መንትያ ማየት ነው፤ ሞተሯ የሞተ ቢሆንም አክስሏ ጤነኛ ነበር፣ ፈትቶ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከእኔ ላብ በቀርም ምንም አያስወጣም።

መልስዎ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣልኝ። ስለ መንትያዋ፣ በቋሚ ንብረትነት የተመዘገበች ስለሆነች በሥርዓቱ እስክትወገድ ድረስ አንድ ቡሎን እንዳይነካባት አዘዙ። ስለ ሌላው ፋብሪካ ዕቃ ደግሞ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከኦሪጅናል በታች የሆነ ነገር እንደማይገዛ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያወድስ ሠራተኛም ከሱቆቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሊጣራ እንደሚገባ ጻፉ። ምነው በተጣራ! ባለ ሱቁ እኮ እግዜር ይስጥልኝ እንኳን አይለኝም፤ የሸጠልኝን የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ መልሼበታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የኦሪጅናል ጠላት አይደለሁም፤ ለሌላውም ጠበቃ አልቆምኩም። ችግሩ ክቡርነትዎ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው ብለው ማመንዎ ነው። ሦስት ነው። እናት ፋብሪካው የሠራው አለ። ሌላው ሠርቶ በገዛ ስሙ የሚሸጠው አለ። ሌላው ሠርቶ በእናት ፋብሪካው ስም የሚሸጠውም አለ። ሁለተኛው ጎረቤት ነው፤ ጎበዝ ጎረቤት አለ፣ ሰነፍ ጎረቤት አለ፣ ጠይቀህ ትለየዋለህ፣ ቢያጠፋም ቤቱን ስለምታውቀው ሄደህ ታንኳኳበታለህ። ሦስተኛው ግን የወንድምህን ካፖርት ለብሶ ቤትህ የገባ ሌባ ነው። እርስዎ ጎረቤቱን ከደጅ መልሰው ካፖርቱን አስገቡት።

፪ኛ. ስለ ካርቶኑ አመሰግናለሁ።

እውነት ለመናገር ያማረ ካርቶን ነበር። የሚያብረቀርቅ ማኅተም ተለጥፎበታል፣ ቁጥር አለው፣ መመሪያ ወረቀት አለው። የጎደለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ከአምራቹ ስም ላይ አንድ ፊደል ነው። ሌላው ውስጡ ያለው አክስል ነው።

ቤተ ሙከራ ስለሌለኝ ነርሷን ለምኜ የሕፃናት ሚዛኗን አስመጣሁና አሮጌውንና አዲሱን በየተራ አስተኛኋቸው። አዲሱ በሦስት መቶ ግራም ይቀላል። ነርሷ ሳቀችና፣ «ይሄኛው ክትትል ያስፈልገዋል» አለች። ቀጥዬ ጥርሶቹን በሞረድ ሞከርኳቸው። በእሳት በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ እንደ መስታወት ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ እዚህኛው ላይ ግን ነክሶ ፍቅፋቂ አወጣ። በገመድ አንጠልጥዬ በመዶሻ መታሁት። ብረት ሲመታ ይዘምራል፤ ይህኛው ግን እንደ በሽተኛ ሳለ።

አልረከብም ብዬ ፈርሜ መለስኩልዎ። በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝ። በሃያ ስድስት ዓመት የደወሉልኝ የመጀመሪያ ስልክ ስለሆነ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ካርቶኑን አላየኸውም እንዴ?» አሉኝ። ቀጠሉናም፣ «ሰኞ መኪናዋ ካልወጣች ሕፃናቱ ክትባት ያጡት በአንተ እልህ ነው ብዬ እጽፋለሁ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ «ካርቶኑንማ አይቼዋለሁ፤ ጎማው የሚታሰረው ግን ካርቶኑ ላይ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ይህንን መልስ አሁን በየመንገዱ፣ በየታክሲው፣ ፊቴን ስታጠብ ሁሉ እመልስልዎታለሁ። ያን ቀን ግን ያልኩት «እሺ ጌታዬ» ነው።

፫ኛ. በእጄ ላይ ስለ ጣሉት እምነት አመሰግናለሁ።

እሑድ ከሰዓት ገጠምኩት። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ኩሽኔታውን ቀይሬ፣ ዘይቱን ሞልቼ፣ ቡሎኖቹን በልካቸው አጥብቄ፣ ለውሸት የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌ ገጠምኩት። ቱታዬን ሳወልቅ ኤሊው ከነ ፈገግታው መጣ። ከመንገድ በፊት ባለው ቀን መኪናዋን ሳያያት አይውልም።

«እንዴት ነው አዲሱ?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሕሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ ጊዜ፣ «ብቻ ቀስ እያልክ ንዳ» ብዬ ጨመርኩበት። ኤሊው እየሳቀ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ መንደሮቹ ናቸው ተነሥተው ወደ እኔ የሚመጡት» አለኝ።

ሞረዱ ምን እንዳወጣ አልነገርኩትም። እርስዎን ስፈራ በእሱ ላይ ደፈርኩ፤ ልዩነታችሁ እሱ ወዳጄ መሆኑ ብቻ ነው።

አክስሉ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ለዚህም አድናቆቴ ይድረሰው፤ እኔ ሃያም አልሰጠሁትም ነበር። በየሐሙሱ ከሥሯ ገብቼ እጄን ጎማው ላይ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ ምናልባት ሞረዴ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ደረሰኝ አይጠይቅም።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከመጨረሻው መንደር እየተመለሱ ተራራውን ይወርዱ ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ ነርሷ ናት። ከጎኑ ተቀምጣ መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ የዕለቱን ክትባት ትጽፋለች። ከኋላ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ከዚያ አንድ ጎማ በቀኛቸው በኩል እየተንከባለለ ቀድሟቸው ሲወርድ አየች። «የማን ጎማ ነው ብዬ ልጠይቀው አፌን ስከፍት መኪናዋ ከኋላ ቁጭ አለች» ብላኛለች።

ጎማው ሲሄድ የፍሬኑን ቧንቧ በጥሶት ስለነበር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። በቀኝ ገደል ነው። በግራ አለት ነው። ነርሷ ያለችው በቀኝ፣ እሱ ያለው በግራ ነው። ኤሊው አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ «ያዢ!» አላት። መሪውን ወደ ራሱ በኩል ጠመዘዘና መኪናዋን ከአለቱ ጋር እያፋተገ፣ በገዛ በሩ ፍሬን እየያዘ አቆማት።

የነርሷ ክንድ ከትከሻዋ ሥር ተሰበረ፤ ድኗል። የመንደሩ ሰዎች የቤት በር ነቅለው ኤሊውን በበሩ ላይ ተሸክመው አወረዱት። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሐኪሞቹ ሊያተርፉለት አልቻሉም።

፬ኛ. ስለ አጣሪ ኮሚቴው ፍጥነት አመሰግናለሁ።

ኮሚቴዎ ሦስት ሆኖ መጣ፤ ሃያ ደቂቃ ቆየ፤ ፎቶ አነሣ፤ ከሥሯ ግን ማንም አልገባም። በሳምንቱ ሪፖርት ወጣ። ሪፖርቱ እንደሚለው ሹፌሩ «ቁልቁለቱን ከተገቢው በላይ ፈጥኖ በመውረዱ» መኪናዋን ከአለት ጋር አጋጭቷል፣ አክስሉም የተሰበረው በግጭቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎማው ገና ሳይጋጩ ቀድሟቸው የወረደው አለቱን ለማስጠንቀቅ ነበር ማለት ነው።

ኤሊው ፈጠነ! ሃያ ሁለት ዓመት አህያ የቀደመው ሰው ፈጠነ!

ነርሷ አንገቷ ላይ በታሰረ ክንዷ መዝገቡን ይዛ ኮሚቴው ዘንድ ቀረበች። መዝገቡን እኔም አይቼዋለሁ። የሃያ ሦስተኛዋ ሕፃን ስም፣ የእናቷ ስም፣ የክትባቱ ዓይነት፣ ፊደሎቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። የሃያ አራተኛው ሕፃን ስም ግማሽ ላይ ይደርስና እስክሪብቶው ገጹን አቋርጦ እስከ ጠርዙ ይሄዳል። በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ፣ በሚበር መኪና ውስጥ፣ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ካለ ያምጡልኝና ተማሪው ልሁን። ኮሚቴው ግን መዝገቡ የሕክምና ሰነድ እንጂ የትራፊክ ማስረጃ አይደለም ብሎ መለሰላት።

እኔም ስብራቱን አይቻለሁ። ጥሩ ብረት ሲሰበር እንደ ተቀደደ ጨርቅ ክሩን ያሳያል፤ ይህ እንደ ጨው ድንጋይ ፍርክስ ያለ ነው። ሁለቱ ቁራጮች ወደ ቴክኒክ ኮሌጁ ተልከው እንዲመረመሩ ጠየቅኩ። ንብረት ክፍልዎ የሰጠኝን መልስ ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ። ቁራጮቹ ዛፍ ሥር ከነበረችው መንትያ መኪና ጋር አብረው ለቁራሌው ተሸጠዋል ተባልኩ። ስድስት ዓመት ያልተገኘው የማስወገጃ ሥርዓት፣ ክቡር ሆይ፣ በስድስት ቀን ተገኘ። መንትያዋን ከነዚያ ጤነኛ አክስሏ ጭነው ሲሄዱ ዛፉ ሥር ቆሜ አየሁ። አንድ ቡሎን አልተነካበትም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ለእርስዎ የሚሆን ምስጋና ስላልሆነ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ኤሊው ከሥራ የተሰናበተው በጥፋተኛነት ስለሆነ፣ በእጁ ያለውን የመሥሪያ ቤት ንብረት እንዲመልስ ደብዳቤ ደረሰው። የዝናብ ካፖርቱን፣ የእጅ ባትሪውንና ትርፉን ቁልፍ ይዛ የመጣችው ባለቤቱ ናት። ንብረት ክፍሉ ምሳ ወጥቶ ስለነበር እኔ ጋ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ካፖርቱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ነው ያመጣችው። ሃያ ዓመት ስታየኝ «ወንድምዬ» የምትለኝ ሴት ናት። ያን ቀን ስም አልጠራችም።

«አንተ ነህ አይደል የገጠምከው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ደህና ዕቃ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ መዶሻውን አንሥታ ብትወረውርብኝ እሱ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እሱ እኮ አልጋ ላይ ሆኖ ካንተ ጋር ነው የሚቆመው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ጥፋቱ የዕቃው ነው ሲለው፣ ወዳጄ ሳይፈትሽ አይገጥምም፣ ይሠራል ብሎኛል፣ ምናልባት እኔ ነኝ ጉድጓዱን ያላየሁት ይላል። ሌሊት ሌሊት መንገዱን ከመጀመሪያው እያነሣ ይነዳዋል። የትኛው ጋ ነው የፈጠንኩት እያለ ይጠይቀኛል። እግሩንስ ቆርጠውታል፤ አእምሮውን ግን አንተ ነህ የምትቆርጠው።»

ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ቁልፉን ንብረት ክፍል እንዳስረክብላት እንኳ አልለመነችኝም፤ ቢሆንም አስረክቤላታለሁ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

የዚያኑ ቀን ቱታዬን ሳልለውጥ እቤቱ ሄድኩ። ኤሊው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ሞረዱን፣ ሚዛኑን፣ የመለስኩልዎን ወረቀት፣ ስልክዎን፣ «እሺ ጌታዬ»ን፣ «ይሠራል»ን፣ ሁሉንም በተራ ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ሰማኝ። ሻይ ያመጣችው ልጁ ነገሩ ገብቷት ሳታስቀምጠው ተመለሰች።

በመጨረሻ፣ «አልፈጠንኩም ማለት ነው» አለ።

«አልፈጠንክም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ከዚያ ዞሮ አየኝና የመጣሁበትን ሥራ ሰጠኝ። «እግሬን ተወው» አለኝ። «እሱ ሄዷል። 'ፈጠነ' የምትለዋን ግን አስፍቅልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ኤሊ ስትሉኝ ኖራችሁ በአንድ ወረቀት ጥንቸል አታድርጉኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ እኔ ደግሞ ገና ከመቃብር በላይ ነኝ።» ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ስወጣ ግን ልጁን ጠርቶ፣ «ሻዩን ስጪው» አላት። ቆሜ ጠጣሁት፤ ከዚያ በኋላ አፌ በቀመሰው ሁሉ ምንም ጥፍጥና አላገኘም።

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ የጻፍኳቸው አራቱ ዝግ ደብዳቤዎች ያችን አንዲት ቃል እንዲፍቁ የሚለምኑ ነበሩ። እርስዎንም አልከሰስኩም፤ ኮሚቴውንም አልወቀስኩም፤ ቃሏን ብቻ ነው የጠየቅኩት። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ለማስመር ከአክስል ያነሰ ጉልበት ይበቃል። ግን እርስዎ ቃሏን ከፋቁ ቦታዋ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው ቦታ ደግሞ ሌላ ስም ይጠይቃል፤ ዝም ያሉበትን ምክንያት እረዳለሁ። ስለዚህ ላግዝዎ ብዬ ባዶውን ቦታ ራሴ ሞላሁት።

ባለፈው ሰኞ ወደ ትራፊክ ምርመራ ክፍል ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። አልረከብም ብዬ የፈረምኩበትን የርክክብ ወረቀት ቅጂ አስያዝኩ፤ ነርሷም መዝገቧን ይዛ አብራኝ ነበረች። መርማሪው፣ ፂሙ የሸበተ ረጋ ያለ ሰው፣ መዝገቡን መስኮቱ ጋ ወስዶ ሃያ ሦስተኛውንና ሃያ አራተኛውን መስመር ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የእኔን ወረቀት አነበበና፣ «ወዳጄ፣ ይህን ከፈረምክ እያወቅህ የገጠምክ አንተ ነህ ማለት እኮ ነው» አለኝ።

«ነኝ እኮ» አልኩት።

«ጠበቃ አማክረሃል?»

«ሚስቴን አማክሬአለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«ለምን ዘገየህ አለችኝ።»

ፈረምኩ። ያንኑ ዕለት በሪፖርቱ ምክንያት በኤሊው መንጃ ፈቃድ ላይ ተጥሎ የነበረው እገዳ ጉዳዩ እንደገና እስኪታይ ተነሣለት። ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። በአንድ እግሩ የሚነዳው መኪና እንደሌለ እሱም ያውቃል። ነገር ግን መንጃ ፈቃዱን ሲመልሱለት በመሀረብ ጠርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ባለቤቱ እስካሁን እንዳላወጣት ነግራኛለች። «ፈጠነ» የምትለዋ ቃል ገና ሪፖርትዎ ላይ አለች። ያችን የሚፍቃት የእርስዎ እስክሪብቶ ወይም የዳኛ እስክሪብቶ ነው። ምርጫውን እንደ ልማዴ ጽፌ አቅርቤልዎታለሁ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እንዳይመልሱልኝ ብቻ አደራ፣ የመርማሪው ቀጠሮ ከዛሬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

እኔ እንግዲህ የሚደርስብኝን አላውቅም። ሥራዬን አጣ ይሆናል፤ ሊታሰርም የሚገባው ሰው ነው ብለው ከወሰኑብኝ አልከራከርም። እጄ የገጠመውን አፌ ሊክድ አይችልም። አንድ ነገር ግን ላሳስብ። ባለፈው ሰኞ ተራዬን ስጠብቅ የተቀመጥኩበት በመርማሪው ኮሪደር ያለ አግዳሚ ረጅም ነው፤ ሁለት ሰው ሳይጨናነቅ ይይዛል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀድሜ እገኝና በግድግዳው በኩል ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ። የቀረው የእርስዎ ቦታ ነው። ጫማዎን የሚነካ ዘይት የለበትም።

ጤናዎን፣ ሹመትዎንና ረጅም ዕድሜዎን እየተመኘሁ፣ ባለማወቅ ለፈረሙት ሁሉ ይቅርታ፣ አውቀው ለፈረሙት ሁሉ ደግሞ እንደ እኔ ያለ እንቅልፍ እንዲሰጥዎ ከልብ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከትንሿ ጋራዥ፣

ያልታዘዘውን ዕቃ በትእዛዝ የገጠምኩት፣
መካኒክዎ

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለአሥራ አንዱ መንደሮች፣
ለኤሊው፣ መስኮቱ ጋ ሆኖ እንዲያነበው።

ማሳሰቢያ፦ ክቡርነትዎ የሚሄዱባት አዲሷ መኪና ትናንት ለሰርቪስ ጋራዥ ገብታ ነበር። ከተማ ውስጥ በአስፋልት ላይ ብቻ ስለምትሄድ ምንም አላገኘሁባትም። እንዳያሳስብዎ ብዬ ግን ከሥሯ ገብቼ አራቱንም አክስሎች በሞረድ ሞክሬአቸዋለሁ። ሞረዱ ተንሸራተተ። ኦሪጅናል ናቸው፤ እንዴት እንደሚገዛ ያውቁበታል ማለት ነው።